ደብተር ስንቆጥር

ይሄ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ሰፈር ኮሚናል ውስጥ ለጎረቤቶቼ የተናገርኩት ነው። የእድር ስብሰባ ገና ማለቁ ስለነበር ግማሹ ሰው እየወጣ ግማሹ እየገባ ነው የጀመርኩት። ያልነበራችሁ "በጽሑፍ ስጠን" ስላላችሁኝ ጻፍኩት። ሁለት ቀልድ ቀንሻለሁ፤ በጽሑፍ አያስቁም።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ በመስኮቱ በኩል አግዳሚ አለ፣ ግቡ፣ ግቡ።

የጠራችሁኝ ስለ ትምህርት ጥራት እንዳወራ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ጥራት" የሚለው ቃል ሰልችቶኛል። የማይስማማበት ሰው የለም፤ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ደግሞ ማንንም አያስነሳም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሰዓት ነው።

አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ከእኛ ብሎክ ምድር ላይ የምትኖር፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ጎረቤቴ የልጇን ካርድ ይዛ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ናት ልጅቷ። ሒሳብ 43። እናትየው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ደነዝ ናት ወይስ እኔ ነኝ የተሸወድኩት?" አለችኝ። ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች። መሬት መሬት ታያለች።

"ደብተርሽን አምጪልኝ" አልኳት ልጅቷን።

አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ካርድ ይዋሻል፣ ደብተር ግን ብዙም አይዋሽም። አመጣችው። በላስቲክ የተለበጠ፣ ጥግ ጥጉ ያልታጠፈ፣ ንጹሕ ደብተር። ልጅቷ ጠንቃቃ ናት። እያንዳንዱን ትምህርት ስትጀምር ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ከሥሩ አስምራለች። እስኪ ቀይ ቀይዋን ብቻ እንቁጠር አልኳቸው። እናትየው ጣቷን አራሰችና ገጽ መግለጥ ጀመረች።

መስከረም ውስጥ ሦስት ቀን። ጥቅምት ዘጠኝ። ኅዳር ስድስት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኔ ላይ ስንደርስ 94 ሆነ። ከጀርባው ልባስ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም ሒሳብ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ይላል። በዓሉን፣ ፈተናውን፣ የግማሽ ዓመት ዕረፍቱን ሁሉ አውጥተን ዓመቱን 36 ሳምንት ብቻ ብንለው 180 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ልጅቷ ደብተር ላይ ያለው 94 ነው።

እዚህ ላይ አንድ መምህር ከኋላ እጁን አወጣና "ሳይጻፍ የሚሠራ ልምምድ አለ፣ ያመለጣትም ቀን ይኖራል" አለኝ። ልክ ነው። ለዚህ 20 ጨመርኩላቸው። 114 ይሁን። ያኔም 66 ክፍለ ጊዜ የለም። አንዱ 40 ደቂቃ ነው። አባዙት፣ 44 ሰዓት ነው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ትምህርት። ይሄ የአንዲት ልጅ ደብተር ነው፣ ጥናት አይደለም፣ ስለ አገሩ ሁሉ አላወራሁም። ግን እናንተም ቤታችሁ ደብተር አለ።

ልጅቷን "የቀረው የት ሄደ?" ብዬ ጠየቅኳት። ሁሉንም ታውቃለች! መስከረም ላይ ምዝገባ አላለቀም ተብሎ። ኅዳር ላይ መምህሩ ለቀቀ፣ ሌላ እስኪመጣ ፍሪ ነበርን። ስብሰባ። የፈተና እርማት። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህሯ የምትለው አይሰማም፣ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ሌላ ጊዜ ደግሞ መምህሯ ታክሲ አጥታ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ትደርሳለች። ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ ቅሬታ የለባትም። የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው ነው የምታወራው።

መምህሯን ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት። እዚህ አካባቢ የሚያስተምሩት ብዙዎቹ እዚህ መከራየት አይችሉም። ገላን፣ ዱከም ድረስ ሄደው ነው ቤት የሚያገኙት። ጠዋት ለታክሲ ተሰልፈው፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ ልጅ ያለበት ክፍል ገብተው፣ ማታ ደግሞ ኑሮውን ለመሙላት ቤት ለቤት እየዞሩ ያስጠናሉ። አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። የእኔን ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት የሚያስጠናው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ጎበዝ ነው። ጠዋት ለሃምሳ ልጅ የሚተርፈው ጉልበት ማታ ለእኔ ልጅ ይመጣል ማለት ነው፤ ገዝቼዋለሁ። ሦስት ሰዓት በ36 ሳምንት ስታባዙት 108 ይመጣል። ምድር ላይ ያለችው ልጅ 44 ሰዓት ሲቀነስባት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የእኔ ልጅ 108 ይጨመርለታል። ከዚያ ሰኔ ላይ ሁለቱን በአንድ ፈተና እናስቀምጥና "እሱ ጎበዝ፣ እሷ ሰነፍ" እንላለን።

እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ጉድለት ነበረው፤ ለሴት ልጅ በሩ ጠባብ ነበር፣ አርጩሜውም አይረሳም። አንድ ነገር ግን ነበረው። ደወል አልነበረውም። ልጁ ፊደሉን ሳይለይ ወደ ንባብ አይሄድም፣ ንባቡ ሳይቀና ዳዊት አይይዝም። የቆሎ ተማሪው ቅኔ ቤት ገብቶ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ካላንደር ሳይሆን መቻሉ ነው። እኛ ዘመናዊውን ስናመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሰዓቱ ተቆረጠ፣ መቻሉ ተለቀቀ። ደወሉ ሲደወል ገባህም አልገባህም ወደሚቀጥለው ነው።

ዘመናዊው ሲጀመር ደግሞ ለማን እንደተጀመረ ታውቃላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከተል፣ በ1920ዎቹ እቴጌ መነን የሴቶቹን ሲያስከፍቱ፣ ወንበሩ በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበር። ድሃ ጭራሽ አልገባም አይባልም፣ ገብቶ ትልቅ ቦታ የደረሰም አለ። ግን ሁሉም መሃል ከተማ ላይ ነው። ያኔ ይሄ እኛ የተቀመጥንበት መሬት የጤፍ ማሳ ነው። ማሳነቱም የቀረው ትናንት ነው።

ከዚያ 1966 መጣ። አብዮቱን ስናወራ ድርቁንና ወታደሩን እናስታውሳለን፣ ትምህርቱን እንረሳለን። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራንና የታክሲ ሾፌሮች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። ሾፌሮቹ በቤንዚን ዋጋ ነው። መምህራኑ ከደመወዙ ሌላ ሴክተር ሪቪው የሚባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ነበር። ዕቅዱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃውና የዩኒቨርሲቲው ዕድገት ይገታ የሚል ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲያነቡት ለገጠሩ ያደላ ይመስላል። ወላጁ ግን ወዲያው ገባው፦ የእነሱ ልጅ እስከ ላይ፣ የእኔ ልጅ እስከ አራት። ዕቅዱ ቀረ። ሰው መሰላሉ እንዳይታጠፍበት አደባባይ የወጣበት ጊዜ ነበር። ታክሲና መምህር አሁንም በአንድ ጠዋት እንደሚገናኙ ግን ልብ በሉ፣ ያው ሰልፍ ላይ።

ደርጉ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀመረ፣ በ15 ቋንቋዎች ተስተማረ፣ ከዩኔስኮ ሽልማት ተሸለመ። እዚህ ካላችሁት እናቶች አንዳንዶቻችሁ ስማችሁን መጻፍ የተማራችሁት ያኔ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በፋኖስ ነው። (እዚህ ላይ ሦስት እናቶች ሳቁ፣ አንዷ "እኔ በመብራት ነው" አለች።)

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ ፖሊሲ ወጣ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማሩ፣ እስከ አሥረኛ ያለ ክፍያ ይሁን፣ የግሉም ይፈቀድ ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናቅ አይገባም። ያኔ በመላው አገሪቱ አንደኛ ደረጃ ላይ የነበሩት ሕፃናት ጥቂት ሚሊዮን ነበሩ፣ ኋላ ከ20 ሚሊዮን በላይ ደርሰናል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ከአንድ ቤት አንዱ ተማሪ ሌላው እረኛ ነበር። ያ በአንድ ትውልድ ተለወጠ።

ግን የቆጠርነው ከበሩ የገባውን ነው። ገብቶ የተማረበትን ሰዓት ማን ቆጠረ? በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የሕፃናት ንባብ ሲፈተሽ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህል ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንድም! ሁለት ዓመት ተመላልሰው። እነዚያና ከእነሱ በኋላ የመጡት ልጆች አድገው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሱ። የ2014ቱን ፈተና ታውቁታላችሁ። ኩረጃው ስለበዛ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም። 3.3 በመቶ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከመቶ ዘጠና አንዱ ገና ውጭ ነው። የ2014ቱ ውጤት ሲወጣ አገሩ ሁሉ ልጆቹን ሲወቅስ ሰነበተ። ቲክቶክ ነው፣ ጫት ነው ተባለ። ለእኔ ልጆቹ ሳይሆኑ ሰዓቱ ነው የወደቀው።

አሁን ፈረንጆቹ ምን አሉ ልበላችሁና ቶሎ ልለፍ። በ1966፣ ይሄ እንግዲህ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ጄምስ ኮልማን የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪ አጥንቶ ለልጁ ውጤት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ቤተሰቡ ይበልጣል አለ። ብዙ ሰው ይሄን ይዞ "እንግዲያው ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?" ብሎ ተቀመጠ። በ1983 ግን ሄይነማንና ሎክስሊ የሚባሉ ሁለት አጥኚዎች የ29 አገሮችን መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሌላ ነገር አገኙ። አገሩ ድሃ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ድርሻ እየከበደ ይሄዳል። በኋላ የተከራከሯቸው አሉ። ለእኔ ግን ስሜት ይሰጣል። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው፣ አባቱ የማያስጠናው ልጅ የሚማረው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። የእኔ ልጅ ክፍለ ጊዜ ቢያመልጠው ማታ ይከፈለዋል። እሷን ግን ማንም አይከፍላትም።

ፒየር ቡርዲዩ የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ ነበር። የገጠር ልጅ ነው፣ አባቱ ፖስተኛ። ትምህርት ቤት ሳያስተምር የሚጠይቀው ነገር አለ ይላል፤ ቤቱ ያለው ይዞ ይመጣል፣ የሌለው "አይችልም" ይባላል። ይሄን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ኮሚኒኬሽን ቡክ ነው። ልጆቻችሁን የግል ያስገባችሁ ታውቁታላችሁ፣ በየቀኑ ወላጅ የሚፈርምበት ደብተር። እዚሁ ብሎክ ያለ አንድ የቀን ሠራተኛ ከሌላው ሁሉ ቆርጦ ልጁን እዚህ አስፋልቱ ዳር ያለ የግል ትምህርት ቤት አስገባ። ማታ ማታ ያቺን ደብተር ይዞ እኔ ጋ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈችው፦ ልጅዎ የቤት ሥራ አልሠራም፣ ያነጋግሩን። አባትየው ያነበዋል ብለው ነው? አንድ ማታ ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈረመባቸውን ገጾች ገለጥን። አራት ቦታ "ልጅዎ ማንበብ ስለሚያስቸግረው ይምጡ" ይላል። በትልቁ፣ በጥንቃቄ ፈርሞበታል። ፊርማው ያምራል።

የግል ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም እንዳይመስላችሁ። ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ተከራይቶ፣ ሜዳ ሳይኖረው፣ መምህሩን ከመንግሥት ባነሰ ደመወዝ ይዞ፣ በደማቅ ዩኒፎርምና በእንግሊዝኛ መዝሙር የሚሸፍን ሞልቷል። ወላጁ የሚገዛው ግን አንድ እውነተኛ ነገር አለ። መምህሩ ከቀረ ሰው ይተካል። ክፍሉ ባዶ አይሆንም። እኔ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚከፍለው ለዚህ ይመስለኛል፣ እንግሊዝኛው ምክንያት ነው።

ወደ እኛ ጥግ ልምጣ። እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ነው የቀደመው፣ ትምህርት ቤቱ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ዕጣ ወጥቶልን ስንገባ ግማሻችን ልጆቻችንን ከድሮ ሰፈራችን አላስወጣንም። ልደታ፣ አራት ኪሎ ድረስ በየቀኑ። ጨለማ ሳለ ተነስቶ፣ ቃሊቲ ላይ በትራፊክ ተቆልፎ፣ ሳሪስ ላይ ተኝቶ። የልጅነት ስንቱን ሰዓት አስፋልት በላው? በቅርቡ ደግሞ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ከተማው ዳር ዳር የመጡ አሉ። አንዳንዱ በዓመቱ መሃል ነው የመጣው። መሸኛ እስኪያወጣ፣ የሚቀበል ክፍል እስኪያገኝ ልጁ ቤት ነው። ያ ሳምንት የማንም ሪፖርት ላይ የለም።

ከእኛ ሁሉ በፊት እዚህ የነበሩትንም አንርሳ። ያ ማሳ ባለቤት ነበረው። አባቱ ያርስ የነበረ ልጅ ዛሬ አባቱ የእኛን ብሎክ ይጠብቃል። ልጁ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚማረው፣ ደግሞም ይገባዋል። ግን የሰፈሩ ሱቅ፣ አስጠኚው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ እኔ ራሴ፣ ሁላችን በአማርኛ ነን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ዘግይቶ "ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርዱ" በተባለ ጊዜ ስማርት ስልክ የሌለው ቤት ምን አወረደ? ጥበቃ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የለም።

አንድ የተሳካ ነገር ልንገራችሁና ወደ ማብቂያው ልሂድ። ላለፉት ዓመታት በዚህ ከተማ ለልጆች የትምህርት ሰዓት የጨመረው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ምሳው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መስጠት ጀመረ። ስለ ረሃብ ይወራል፣ ትክክል ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላም ነው። ድሮ እኔ ሳስተምር ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ የሄደው ልጅ ከሰዓት አይመለስም ነበር፤ ቤት ምሳ የለማ፣ ምን ብሎ ይመለሳል? ስም ጥሪ ላይ ከሰዓት "አቤት" የሚለው ጥቂት ነበር። አሁን ይቆያል። ከሰዓት በኋላው ተመለሰለት። ሰዓት በዳቦና በሽሮ ይገዛል ብሎ ማን አሰበ?

ስለዚህ ከናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። ማታ ልጃችሁን "ስንተኛ ወጣህ?" አትበሉት። "ዛሬ ስንት ክፍለ ጊዜ ተማራችሁ?" በሉት። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይም መዋጮና አጥር ብቻ እናወራለን። አንድ ጊዜ "በዚህ ወር ስንት ክፍለ ጊዜ ባዶ ሆነ፣ ለምን?" ብለን እንጠይቅ። በቁጣ ሳይሆን። ርዕሰ መምህሩም ቢሆን ምናልባት መምህር ሲለቅበት ምትክ ለማግኘት ሲጽፍ የሚሰማው አጥቶ ይሆናል፣ በእኛ ጥያቄ ደብዳቤው ይከብድለታል። ትምህርት ቤቱ ሊጠላን ይችላል፣ እውነት ነው። ውኃውን በፈረቃ ለምደናል፣ መብራቱንም። ትምህርቱን ግን በፈረቃ መልመድ አይዋጥልኝም።

ንግግሩ እዚህ ነው ያለቀው። አንድ ሰው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ጭማሪ ጠየቀ፣ ግማሽ ሰዓት ሄደበት፣ እሱን አልጻፍኩም። ምድር ላይ ያለችው ጎረቤቴ ከኋላ ነበረች። ሁሉም ደብተሩ የማን እንደሆነ ቢጠይቁኝም አልተናገርኩም፣ እሷ ግን ራሷ እጇን አውጥታ "የእኔ ልጅ ናት፣ ደነዝ አይደለችም" አለች። ልጅቷ አልነበረችም። ውኃ መጥቶ ነው፣ ባልዲ እየሞላች ነበር።

ማታ ላይ በሬ ተንኳኳ። ጥበቃችን ናቸው፣ ጋሽዬ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው። ከብብታቸው ደብተር አወጡ። የልጃቸው ነው፣ አራተኛ ክፍል። በቁቤ ነው የተጻፈው፣ እኔ አላነበውም፣ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም። "ቁጥሩ ግን ያው ቁጥር ነው አይደል?" አሉኝ። ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል ተጽፏል። ባለቤቴ ቡና አቀረበች። እሳቸው ገጹን ይገልጣሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ።

መስከረም፣ ሁለት። ጥቅምት፣ አራት።